ስለቴ ሳይሰምር ቀረ፤ ለታኅሣሥ 19 ምን ብዬ ቁልቢ ልውጣ?

ወለተ ሥላሴ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፣ ኅዳር 21

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ለንስሐ አባቴ አቅርቤው ነበር፤ እርሳቸውም በትዕግሥት አድምጠው ጸልየውልኛል። እዚህ የምጽፈው በዚህ መንገድ ቀድመውኝ ያለፉ ሰዎች እንዴት ጸንተው እንደ ቆሙ ለመስማት ስለ ፈለግሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ዐረፈ። አባታችን በልጅነታችን ስለ ሞተ ያሳደግነው እናቴና እኔ ነን፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ ገና ነበር። ዓምና ታኅሣሥ 19፣ እጥበት በጀመረበት ሰሞን፣ ቁልቢ ወጥቼ በቅዱስ ገብርኤል ፊት «ወንድሜን ብታድንልኝ ለከርሞ ጃንጥላ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ተስፋዬ ብርቱ ስለ ነበር ጃንጥላውን ውዬ ሳላድር ገዛሁት። ቀይ ከፋይ ሆኖ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ያለው ዘርፍ ተሰፍቶለታል። እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሟል፤ ልብስ ላወጣ በከፈትሁ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል።

ያን ቀን አጠገቤ ቆማ ስለ ታመመ ልጇ የተሳለች ጎረቤት አለችኝ። ልጇ ድኖላታል፤ ዘንድሮ ይዛው ወጥታ ስለቷን ልታስገባ እየተዘጋጀች ነው። በልጁ መዳን ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ሆኖም በአንድ ቀን፣ በአንድ ደጅ፣ ሁለታችንም እያለቀስን ለምነን የእርሷ ተሰምቶ የእኔ ለምን እንደ ቀረ ማሰብ ማቆም አልቻልሁም።

ድንኳን ውስጥ ሊያጽናኑኝ ከመጡት አንዳንዶቹ «ለበጎ ነው» አሉኝ፤ ሌሎቹ «እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» አሉኝ፤ አንዲት ዘመዴ ደግሞ ስሳል ልቤ ተጠራጥሮ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ይህ የመጨረሻው ሌሊት ሌሊት እየመጣ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ስለቱ ካልሰመረ ጃንጥላው ዕዳ ሆኖብኛልን? ሁለተኛውና የሚከብደው፣ እንዴት አድርጌ ልጸልይ? «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀምሬ «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች» ከሚለው ስደርስ ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ ይለኛል፤ ዘልዬው ማለፍም እፈራለሁ። እምነቴን መተው አልፈልግም፤ እንዴት እንደምይዘው ግን ጠፍቶብኛል።

እናት ዓለም (ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፣ ኅዳር 21

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የወንድምሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልሽ። እኔም ልጅ ቀብሬአለሁ። ምክንያቱን የነገረኝ ሰው የለም፤ ነገርኩሽ ያለኝም ቢኖር አላመንሁትም። ያን ጊዜ ያቆመችኝ አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ ናት። ቀኑን ሙሉ ቤቴ ትውላለች፣ ጀበና ትጥዳለች፣ ሰው ሲበዛ ሲኒ ታጥባለች፣ ሲመሽ ሻሿን አስተካክላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ «ለምን ይሆን» የሚል ነገር አንድም ጊዜ ከአፏ አልወጣም። ልብሽ ተጠራጥሮ ነው ለሚሉሽ መልስ አትስጪ። ይልቅስ እናትሽ እህል መቅመሳቸውን ተከታተይ፤ ልጅ የሞተባት እናት ሰው ካላስታወሳት አትበላም።

መሪጌታ ዘሐረር፣ ኅዳር 22

የተወደድሽ እኅታችን፣ ከቀላሉ ልጀምር። ስእለትሽ «ብታድንልኝ» የሚል ቃል ያለበት ነው። ያዕቆብ በቤቴል የተሳለው እንዲሁ ነበር፤ እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ቢሆን፣ በመንገዴ ቢጠብቀኝ፣ ወደ አባቴ ቤት በደኅና ብመለስ ብሎ ነው የተሳለው። ሐናም ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ብላ ተሳለች፤ የፈጸመችውም ሳሙኤልን ካገኘች በኋላ ነው። የተባለው ነገር ሳይሆን ሲቀር ስእለቱ አያስይዝም። ዕዳ የለብሽም፤ መልአኩም አበዳሪ አይደለም። በዚህ የሚያስፈራራሽ ሰው ቢኖር፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሚው። ጃንጥላውን ለወንድምሽ መታሰቢያ በፈቃድሽ ልትሰጪው ብትወጂ መባ ይሆናል፤ ለመባ ደግሞ ቀን የሚቆርጥብሽ የለም።

ስለ ጥርጣሬ ለተባልሽው፣ በታኅሣሥ 19 የምናከብረው ምን እንደ ሆነ እናስብ። በዓሉ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን፣ ከእቶኑ እሳት ያዳነበት ነው። በዐውደ ምሕረት ደምቆ የሚነገረው እሳቱ እንደ በረደ ነው፤ ይገባልም። ነገር ግን ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለናቡከደነፆር የሰጡት መልስ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3፣ ቁጥር 17 እና 18 ተጽፏል፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ ባያድነን እንኳ አንተ ላቆምኸው ምስል አንሰግድም አሉት። «ባያድነን» የሚለው ቃል እንግዲህ ከራሱ ከበዓሉ ውስጥ ያለ ነው፤ የተናገሩትም በእምነታቸው የምናከብራቸው ናቸው። እግዚአብሔር የለመንሁትን ላያደርግ ይችላል ብሎ ማሰብ ጥርጣሬ ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ወጣቶች ባላከበረቻቸው ነበር።

የሐምሌ 19ኙም በዓል ከዚህ አይርቅም። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ በመልአኩ ዳኑ፤ ያ መዳን ግን ከሞት ሁሉ ያስቀራቸው አልነበረም፤ ኋላ ሰማዕት ሆነው ዐርፈዋል፤ የቂርቆስም ዕረፍት ጥር 15 ይታሰባል።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር ልጨምር፤ የሐረር ሰው ስለሆንሁ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። እኒሁ ሰው በ1898 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ፤ ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው፤ የተቀበሩት እዚህ ሐረር፣ ቅዱስ ሚካኤል ነው። ደብሩን ያሠራ ሰው ከሕመሙ ሳይድን በደብሩ ደጅ ሞተ። የሰመረውና ያልሰመረው ልመና በዚያ ቅጥር ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ኖረዋልና፣ ባዶ እጅሽን ብትወጪ የምትገቢው ከሌላው ሰው ወደተለየ ስፍራ አይደለም።

ጠያቂው (ድሬዳዋ፣ ነምበር ዋን)፣ ኅዳር 22

መሪጌታ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በዚያው አክብሮት ልጠይቅዎ። ሦስቱ ወጣቶች «ባያድነን» አሉ፤ ነገር ግን ዳኑ። አብርሃም ቢላዋ አነሣ፤ በግ ተገኘለት። ኢዮብ ሁሉን አጣ፤ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት። እኔ እናቴን ይዤ ጸበል ቦታ ስከርም የነበረኝ ተስፋ ከእነዚህ የተማርሁት ነበር፤ እናቴ ስትሞት ከእነዚህ ታሪኮች የትኛው ውስጥ እንዳለሁ አጣሁት። ከዚያ ወዲህ ደጁን ተሳልሜ እመለሳለሁ እንጂ አልገባም። ያልዳኑት ታሪካቸው የት አለ? ወለተ ሥላሴን ላሳዝናት ፈልጌ አይደለም፤ የጃንጥላውን ነገር መልሰን የወንድሟን ነገር ሳንነካ እንዳናልፍ ብዬ ነው።

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)፣ ኅዳር 23

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ስለ ስለት ያለኝ አስተሳሰብ ከመሪጌታ የተለየ ነው፤ እዚህ ግን ያን አላነሣም። ሥራዬ ነርስነት ነው፤ ይህን ጥያቄ የምሰማው በአብዛኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በኮሪደር ወንበር ላይ ከሚያድሩ አስታማሚዎች ነው።

ጠያቂው፣ የኢዮብ ሀብት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ እንጂ ከሞቱት ልጆቹ አንዱም አልተመለሰም። ሌሎች ተወለዱለት፤ እነዚያ ግን በተቀበሩበት ቀሩ። ስለዚህ የኢዮብ መጨረሻ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው አይመስለኝም።

ያልዳኑት ታሪክ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 አለ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስን መልአክ ከወህኒ አወጣው። ለጴጥሮስ ማኅበሩ አጥብቆ ይጸልይ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ለያዕቆብ አልጸለዩም የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። ሉቃስ አንዱ ለምን እንደ ሞተ፣ ሌላው ለምን እንደ ዳነ አንዲት ቃል አላስረዳም፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ አለፈ። ወለተ ሥላሴ፣ አንቺና ጎረቤትሽ ያላችሁት እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ይመስለኛል። ዮሐንስም የጴጥሮስን መፈታት ሲሰማ ደስ ብሎት፣ በዚያው ቅጽበት የወንድሙ ነገር እንደ አዲስ ሳይወጋው አልቀረም።

ዕብራውያን 11 እንዲሁ ነው። ቁጥር 34 ላይ ከሰይፍ ያመለጡ አሉ፤ ቁጥር 37 ላይ በሰይፍ የተገደሉ አሉ፤ የሁለቱም እምነት በአንድ ዝርዝር ተመስክሮለታል። በስብከት ብዙ ጊዜ የምንቆመው ቁጥር 35 መጀመሪያ ላይ፣ ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ ተቀበሉ ከሚለው ላይ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም።

አሁን በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚጎዳበትን ነገር ልናገር። ኤርምያስ 29፥11 በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ለምረቃ፣ ለሠርግ፣ ለታመመ ሰው እንሰጠዋለን፤ ለእናንተ የማስባት አሳብ የሰላም ናት የሚለው ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን ሰባ ዓመት በባቢሎን ከተፈጸመ በኋላ ይላል። ደብዳቤው ለምርኮኞች ሲነበብ የሰሙ ሽማግሌዎች ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ ሳያዩ እዚያው ሞቱ። ነቢዩ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ ያላቸው ቶሎ እንደማይመለሱ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ግን ያንን ቃል ለአንድ ታማሚ፣ ለዚህ ወር፣ ለዚህ ምርመራ ውጤት የተሰጠ አድርገን በእግዚአብሔር ስም ቃል እንገባለታለን። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ታማሚው የዋሸው ሰው እኛ መሆናችንን ትቶ እግዚአብሔር የዋሸው ይመስለዋል። ብዙዎች እምነታቸውን ጣሉ ሲባል የጣሉት እግዚአብሔር ያላለውን፣ ሰው በስሙ ያለላቸውን ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

«እምነትህ ቢበረታ ትድናለህ» ሲባሉም በአልጋቸው አጠገብ ቆሜ ሰምቻለሁ። ታማሚው አይመልስም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ሰዎቹ ሲወጡ ውኃ ስጪኝ ይለኛል። ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልራቀለትም፤ ጸጋዬ ይበቃሃል ተባለ። የጳውሎስ እምነት አንሶ ነበር የሚል ካለ፣ ወንድምሽንም ይክሰስ።

የቀፊራ ልጅ፣ ኅዳር 24

እኔ የምናገረው ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ በላይ በደጋው ዘንቦ ጎርፉ ሌሊት ከተማ ሲገባ አብዛኛው ሰው ተኝቶ ነበር። በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚሻገረው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ከሐምሌ 19 በዓል ገና አሥር ቀን ቢሆነው ነው፤ ከእኛ ሰፈር ከሞቱት መካከል ከቁልቢ በሰላም የተመለሱ ይገኙበታል።

ከጎርፉ በኋላ ከጎርፉ ያላነሰ የጎዳን ነገር ቢኖር የከተማዋ ኃጢአት ነው ያመጣው የሚለው ንግግር ነበር። አሸዋ ውስጥ ሕፃን ሲፈልግ የዋለ ሰው ማታ ይህን ይሰማ ነበር። ጌታ ራሱ በሉቃስ ምዕራፍ 13 ይህን አንሥቶ መልሶታል፤ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን አለ፤ አይደለም ብሎም ራሱ መለሰ። ይህን ምዕራፍ ያን ጊዜ ያነበበልን አንድ ካህን ነበር፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

እኅቴ ወለተ ሥላሴ፣ ስለ ጸሎቱ ለጠየቅሽው ከራሴ የማውቀው ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ ቅዳሴ እየሄድሁ አንድም ቃል አልመልስም ነበር፤ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። ዲያቆኑ ተነሡ ሲል እነሣለሁ፤ ሕዝቡ ሲሰግድ እሰግዳለሁ። «አባታችን ሆይ» ሲባል እኔ ዝም እላለሁ፤ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ግን ይሉታል፣ ከፊቴ ያለችው ሕፃንም ትለዋለች። «አባታችን» የሚባለው የብዙዎች ስለሆነ ነውና፣ አንድ ሰው ቃሉ ሲከብደው ሌሎቹ ይዘውለት የሚቆዩ ይመስለኛል። ዘልለሽ አለፍሽ ብሎ የሚቆጥርብሽ የለም፤ ብቻሽን ከመጸለይ ግን ሰው መካከል ቁሚ።

ጠያቂው፣ ኅዳር 24

የከዚራ ጥላንና የቀፊራን ልጅ አመሰግናለሁ። የያዕቆብን ነገር በዚህ መልክ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፤ የሰሊሆሙ መልስ ምክንያቱ ያልሆነውን ይነግረኛል፣ የሆነውን አይነግረኝም። እኔ አሁን ብጸልይ የሚወጣኝ ቃል ክስ ነው። በዚህ አፍ እንዴት ይገባል?

መሪጌታ ዘሐረር፣ ኅዳር 25

ልጄ፣ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም፤ አውቃለሁ ብልህ የኢዮብ ወዳጆች መሆኔ ነው። ስለ እነርሱ የተጻፈውን አስተውል። በክርክሩ ሁሉ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙት እነርሱ ናቸው፤ የከሰሰው፣ የተሟገተው፣ የተወለደበትን ቀን የረገመው ኢዮብ ነው። በመጨረሻ በምዕራፍ 42 ቁጥር 7 እግዚአብሔር የተቈጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፤ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው ሆነ። ክስህን ወደ ራሱ ይዘህ እስከ ቀረብህ ድረስ የምትናገረው ከእርሱ ጋር ነው።

መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ስንከፍል 87ኛው መዝሙር፣ በሌሎች አቆጣጠር 88ኛው፣ በሐሙስ ይውላል። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙሮች ወደ መጨረሻው ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ ይህ ግን አይመለስም፤ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ይህን ያህል መራር ቃል ከጸሎት መጽሐፍ አልወጣም። ልቡ የሞላለትም፣ ዛሬ ልጁ የተዳረለትም፣ ሐሙስ ሲደርስ ያነብበዋል። የምትናገርበት ቃል ካጣህ፣ ተጽፎልህ ቆይቷል፤ ከሰው ጋር ለማንበብ ከፈለግህ ሐረር ስትመጣ እኔ አለሁ።

ለወለተ ሥላሴ ደግሞ፦ ጌታ በጌቴሴማኒ «ፈቃድህ ትሁን» ያለው ጽዋው እንዲያልፍለት ከለመነ በኋላ ነው፤ ያንኑ ቃል ደግሞም ተመላልሶ ጸለየ። ያ ቃል ለእርሱም ከብዶት ነበርና ላንቺ በከበደሽ አትሸበሪ።

ወለተ ሥላሴ፣ ኅዳር 27

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሪጌታን የመጀመሪያ መልስ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ «ዕዳ የለብሽም» ከሚለው ስደርስ ነጠላዋን በአፏ ይዛ አለቀሰች፤ ለካ እርሷም ስለቱን ስትፈራ ከርማለች፤ አንዳችን ለሌላችን አልተናገርንም ነበር። ጠያቂው፣ አንተም የጠየቅኸው አላሳዘነኝም፤ እኔ ለመጻፍ የፈራሁትን ነው የጻፍህልኝ።

ዘንድሮ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመውጣት ግን አቅም ያለኝ አይመስለኝም። ስለታቸው የሰመረላቸው እልል ሲሉ መሐል መቆም አልችልም። ይህን ማለት ቅናት ይሆንብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። እናቴ ደግሞ ጉልበቷ ታሞ እንኳ መቅረት አትፈልግም።

እናት ዓለም፣ ኅዳር 27

ቅናት አይደለም፣ ቁስል ነው ልጄ። ለበዓሉ ሰፈርሽ ባለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሺ። ወር በገባ በ19 የእርሱ ቀን ነውና እናትሽን ለጥር 19 ቀጥሪያቸው፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ስለሚቀንስ እርሳቸውም ተቀምጠው መጸለይ ይችላሉ። እኔም አብሬያችሁ እወጣለሁ። ከድሬ ስንነሣ ሙቀቱ ያታልላል፤ ደንገጎን ከወጣን በኋላ ብርዱ ሌላ ነውና ለእናትሽ ጋቢና ካልሲ ያዢላቸው፤ ዳቦውን እኔ ጋግሬ እመጣለሁ።